«አለ ወይ?» ሳይሆን «አሳዩኝ»፦ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውፍረትን የመከላከል አቅሙን ስትለኩ

በአዲስ አበባ ወረዳዎች ለድጋፋዊ ክትትል ስዞር መጀመሪያ ቼክ ሊስቴ ላይ «ሚዛን አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበረኝ። «አለ» ሲሉኝ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ቀን አሳዩኝ ብል ከነካርቶኑ ከመደርደሪያ ሥር ወጣ፤ ባትሪ እንኳ አልገባለትም። ጥያቄዬን የቀየርኩት ያን ዕለት ነው። አሁን ምንም ከሌለ 0፣ በዕቅድ ላይ ብቻ ካለ 1፣ ባለፉት 3 ወራት እንደተሠራበት በዓይኔ ካየሁ 2 እሰጣለሁ።

ከሰው ጀምሩ። የሥርዓተ ምግብ ባለሙያውንና የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ፎካሉን (ተጠሪውን) ለየብቻ «ውፍረት የማን ሥራ ነው?» በሏቸው። ብዙ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። የአንደኛው ሥራ በመቀንጨርና በምግብ እጥረት ላይ የቆመ ነው፤ የሌላኛው ግፊት ወይም ስኳር ከያዘው ሰው ይጀምራል። ገና ያልታመመው ወፍራም ሰው በሁለቱ ጠረጴዛ መካከል ይቀራል። «የእኛ ችግር ረሃብ ነው» ለሚላችሁ፣ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈ በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 8 በመቶ እንደነበሩ ንገሩት። በደብዳቤ የተመደበ ሰው ከሌለ 0 ነው፤ አትራሩ።

ሚዛኑን ራሳችሁ ፈትሹ። ብቻችሁን ውጡበት፤ ከዚያ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ይዛችሁ ድገሙት። ልዩነቱ ከ10 ኪሎ የሚበልጠው በባዶው ጀሪካን ክብደት ብቻ መሆን አለበት። ታካሚ ለምትመዝነው ባለሙያ 78 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው በምሳሌ ስጧት። ክብደቱን ለቁመቱ ስኩዌር አካፍላ 30.5 ገደማ ካገኘችና ከ30 ጀምሮ ውፍረት እንደሚባል ካወቀች 2 ይገባታል።

ከሁሉ በላይ የማምነው መዝገቡን ነው። የመጨረሻዎቹን 20 አዋቂ ታካሚዎች ቁጠሩ፤ ክብደት ተጽፎ የቁመቱ ሳጥን ባዶ ከሆነ ማንም አላሰላም።

በጀት ላይ አትቆዩ፤ ለዚህ ሥራ የተያዘ የበጀት መደብ መኖሩን አይቶ ማለፍ ይበቃል። ይልቅ ከትምህርት፣ ከንግድና ከስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር የተያዘ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ፤ በትምህርት ቤት በር ላይ ስለሚሸጠው ለስላሳና ስለ መጫወቻ ሜዳ ጤና ብቻውን አይወስንም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው በእግሩ በሚንቀሳቀስበት «መንገድ ለሰው» ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ማን ወጥቶ ምን እንደሠራም ጠይቁ።

ጊዜ ካላችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አንድ ቤት ግቡ። «ተመችቶሻል» ምርቃት በሆነበት ሰፈር ስለ ወገብ ልኬት ሳታስከፋ እንዴት እንደምታነሳ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሳትወጡ ነጥቡን ከኃላፊው ጋር አንብቡት። ከ0ዎቹ አንዷን እሳቸው ይምረጡ፤ የሚያስተካክለው ሰውና ቀኑ ይጻፍ። በ3ኛው ወር ስትመለሱ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ነው።