የዩኒቨርሲቲያችሁ የዒላማ ተኩስ ቦታ ሲዘጋ

እንግሊዝ አገር በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የዒላማ ተኩስ ክለቡ ጸሐፊ ነበርኩ። «የምትተኩሱበት ምድር ቤት ለሌላ ሥራ ይፈለጋል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሁሉም ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ፊርማው ይሰብሰብ፤ እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ጠመንጃዎቹ ሂዱ።

የእያንዳንዱን ጠመንጃ ተከታታይ ቁጥር ከክለቡ ፈቃድ ጋር አመሳክሩ። ጥይቱንም ቁጠሩ። ለሌላ ክለብ ከመስጠታችሁ በፊት የዚያን ክለብ ፈቃድ በዓይናችሁ እዩ። ከሰጣችሁ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «ለጊዜው ጓደኛዬ ጋራዥ እናስቀምጠው» የሚል አይጠፋም። እሺ እንዳትሉት።

ቀጥሎ እርሳሱ ነው። ለውድድር የሚውለው ባለ .22 ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት መለኪያ) ጥይት እርሳስ ነው፤ የብረት ማቆሚያውን ሲመታ ይደቅቅና ብናኙ ወለሉ ላይ ይቀራል። መጥረጊያ ይዞ የመጣ ደግ ሰው ካያችሁ ቶሎ አስቁሙት! በደረቁ ሲጠረግ ብናኙ ተነስቶ ሳንባ ይገባል። ጽዳቱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወጪውን ዩኒቨርሲቲው እንዲችል በጽሑፍ ጠይቁ። ዕቃ ስታወጡ እዚያው አትብሉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁንም ለብቻው እጠቡት።

ልምምዱ እንዳይቋረጥ 10 ሜትር የአየር ጠመንጃን አስቡበት። የኦሊምፒክ ውድድር ነው፤ ደህና የጥይት ማቆሚያ ከተገኘ የስፖርት አዳራሽ ይበቃዋል። እንግሊዝ ውስጥ ኃይሉ ከ12 ጫማ-ፓውንድ (የተኩስ ኃይል መለኪያ) ያልበለጠ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስኮትላንድ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ይጠየቃል። በ.22 ጠመንጃ ከ25 ያርድ ርቀት የሚተኮሰውን ልምምድ የምትፈልጉ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለውን የከተማ ክለብ አነጋግሩ። አብዛኞቹ አባላት ጡረተኞች ናቸው፤ ወጣት ሲመጣላቸው ሻይ ያፈሉላችኋል።