የትንሿ ባቡር ሐዲድ ቮልቴጅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤዝመንቴ ውስጥ ያለው ሐዲድ ግድግዳውን ተከትሎ ዞሮ የሚገጥም፣ በ1፡87 መጠን የተሠራ የኤችኦ ሐዲድ ነው። እዚህ ሜሪላንድ መዘርጋት የጀመርኩ ሰሞን ባቡሩ ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ በደረሰ ቁጥር ጭነት እንደበዛበት አህያ ያዘግም ነበር። ማዞሪያውን እስከ ጥግ ሳጠመዝዘው ደግሞ ያችን ቦታ እንዳለፈ ይፈተለክና ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ይወጣል። ሞተሩን አንዴ ቀየርኩ፣ ደገምኩ። ጥፋቱ ሞተሩ ላይ እንዳልነበር የገባኝ ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ባዶ ሐዲድ ላይ መለካት

ቴስተሬን ይዤ መቆጣጠሪያው ጋ ስለካ 12 ቮልት፣ ማሞቂያው ጀርባ ስለካ 11.9። «ሐዲዱስ ደህና ነው» አልኩ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ መንገድ ላይ የሚጠፋው ኮረንቲ ሲያልፍ ብቻ ነው። ቴስተር የሚወስደው ኮረንቲ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ሽቦው ክር ቢያክል፣ መጋጠሚያው ቢዝግም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ባቡሩ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ሲያልፍ እዚያው ቦታ ላይ ስለካ 8.6 አገኘሁ።

አሁን የምለካው በመኪና ፍሬን መብራት አምፖል ነው፤ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የሚለው። ሁለት ሽቦ ቀጥዬ ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ሳሳርፈው ወደ 1.75 አምፒር ይስባል። አምፖሉ እየበራ፣ ቴስተሩን ከጎኑ አድርጌ በየሁለት ሜትሩ እለካለሁ። አንድ መጋጠሚያ ስሻገር ቁጥሩ ድንገት ከወረደ ችግሩ እሱ ነው። መቆጣጠሪያችሁ ከ1 አምፒር በላይ የማይሰጥ ከሆነ 10 ዋት አምፖል ይበቃችኋል።

«ሁለት ሽቦ ይበቃል»

ትንሽ ክብ ሐዲድ ላይ ይበቃል፤ ክፍል የሚዞር ሐዲድ ላይ አይበቃም። ሒሳቡን እንሥራው። ከመቆጣጠሪያው እስከ ሩቁ ጫፍ 10 ሜትር ቢሆን ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 20 ሜትር ነው። በ22 ጌጅ ቀጭን ሽቦ ከሆነ ወደ 1.06 ኦም ይይዛል፤ 2 አምፒር ሲያልፍበት ከ2 ቮልት በላይ ሽቦው ውስጥ ቀለጠ ማለት ነው። ያንኑ ርቀት በ14 ጌጅ ወፍራም ሽቦ ብትሄዱ (የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) የሚጠፋው አንድ ሦስተኛ ቮልት ብቻ ነው።

ሐዲዱ ራሱማ ከሽቦው የባሰ ነው። የሚሠራበት ኒኬል ሲልቨር በስሙ ሲልቨር ይባል እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ኮረንቲ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ የመጋጠሚያ ቆርቆሮዎቹ አሉ፤ በአዲስነታቸው ጥሩ ናቸው፣ ዓመት ሲያልፋቸው ይላላሉ፣ ይቆሽሻሉ። መፍትሔው ከጠረጴዛው ሥር ወፍራም ዋና ሽቦ መዘርጋትና ከእሱ ላይ በየሜትሩ አካባቢ አጭር አጭር ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ አውጥቶ መበየድ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኮረንቲ፣ ሲሄድ ኃይሉን ከአንድ ጫፍ ብቻ አይቀበልም፤ በመስመሩ ላይ በየቦታው ጣቢያ ተተክሎ ይመግበዋል። ምክንያቱ ያው የኛው ነው።

ፍጥነትን በሬዚስተር መቀነስ

አንዱ ባቡር ከሌሎቹ ሲፈጥን ብዙ ሰው የሚያደርገው ሬዚስተር፣ ማለትም ኮረንቲን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ማስገባት ነው። ሬዚስተር ግን የሚቀንሰው ቮልቴጅ ቋሚ አይደለም፤ እንደሚያልፈው ኮረንቲ ይለዋወጣል። 10 ኦም ብታስገቡ ባቡሩ ሜዳ ላይ 0.25 አምፒር ሲስብ 2.5 ቮልት ይቀንሳል። ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ይከብደውና 0.8 አምፒር ይጠይቃል፤ ያኔ ሬዚስተሩ 8 ቮልት ይውጣል። ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ጉልበቱን ነጠቃችሁት። ዳገቱ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ማዞሪያውን ትጨምራላችሁ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ይከንፋል።

በዚህ ፈንታ ዳዮድ፣ ማለትም ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ተጠቀሙ። አንድ ተራ ዳዮድ ኮረንቲው ቢጨምርም ቢቀንስም 0.7 ቮልት አካባቢ ይቀንሳል። ባቡሩ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚሄድ ሁለት ዳዮድ ፊታቸውን በተቃራኒ አዙራችሁ ጎን ለጎን ማሰር አለባችሁ። 2 ቮልት ገደማ መቀነስ ከፈለጋችሁ ሦስት ጥንድ በተከታታይ።

12 ያለውን 12 ብሎ ማመን

መቆጣጠሪያ በራሳችሁ ስትሠሩ 12 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ኮረንቲ) ትራንስፎርመር ገዝታችሁ በአራት ዳዮድና ሞገዱን በሚያለሰልስ ካፓሲተር ወደ ዲሲ ስትቀይሩት 12 አታገኙም። 12 የተባለው የሞገዱ አማካይ ዓይነት ስሌት ነው፤ ጫፉ በ1.41 ይበዛል። 17 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ዳዮዶቹ 1.4 ይወስዳሉ፣ 15.6 ይቀራል። ጭነት ከሌለው ከዚያም ይበልጣል።

ኤልኤም317 ሬጉሌተር ብታስገቡ ይህን ያስተካክላል፤ ግን የተረፈውን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። 18 ቮልት አስገብታችሁ 6 ቮልት በ1 አምፒር ስታወጡ 12 ዋት ሙቀት ነው። ያለ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ራሱን ያጠፋል፤ ባቡሩ እየሄደ እያለ ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነሳል። የዚህን እንቆቅልሽ መፍቻ ለማግኘት እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል።

የአሜሪካን መቆጣጠሪያ አዲስ አበባ መሰካት

ለወንድሜ ልጅ ለገና የባቡር ስጦታ በሻንጣ ላክሁ። ሶኬት መቀየሪያ ገዝተው ሰኩት፤ አንድ ዙር ሳይሞላ ሸተተ። የዚህ አገር ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ከመላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ «ኢንፑት» የሚለውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካላለ የቮልቴጅ መቀነሻ አብሮ ይሂድ።

ዲሲሲን እንደ ዲሲ ማየት

በዲጂታሉ ዘዴ፣ ማለትም በዲሲሲ፣ ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ባቡሩ ውስጥ ሆኖ ትእዛዙን የሚተረጉመው ዲኮደር ነው። ለኤችኦ ከ14 እስከ 15 ቮልት ይበቃል። ለትልልቅ የጓሮ ባቡር የተሠራውን ከፍ ያለ ምርጫ መጠቀም ዲኮደር ማሞቅና የፊት መብራት አምፖል ማቃጠል ነው።

ልኬቱም ሌላ ጣጣ አለው። ተራ ቴስተር በኤሲ በኩል የተሠራው ለ50 ወይም ለ60 ኸርዝ ሞገድ ነው። የዲሲሲ ምልክት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሆኖ በሴኮንድ ከ5,000 እስከ 8,600 ጊዜ አካባቢ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የሚታያችሁን ቁጥር አትመኑ። በአራት ዳዮድ ወደ ዲሲ ቀይራችሁ ለኩ፣ ለዳዮዶቹ 1.4 ገደማ ጨምሩ።

ከሁሉ የከፋው አንዱን የሐዲድ ክፍል በድሮው ዲሲ፣ አጠገቡን በዲሲሲ መመገብ ነው። ክፍተት ትታችሁ ብትለዩዋቸውም ባቡሩ ክፍተቱን ሲሻገር ጎማዎቹ ሁለቱን ያገናኛሉ፤ አንዱ መሣሪያ ይበላሻል።

ቆሻሻን በቮልቴጅ መጋፋት

ባቡሩ ሲንገጫገጭ ማዞሪያውን መጨመር ብልጭታ ያበዛል፣ ብልጭታው ጥላሸት ይሠራል፣ ጥላሸቱ መልሶ ያንገጫግጨዋል። ከፋርማሲ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ገዝታችሁ በጨርቅ ሐዲዱንም ጎማውንም ጥረጉ።

ሽቦው ሁሉ ከተበየደ በኋላ ዲሲሲ ላይ የምሠራው አንድ ፈተና አለ። 25 ሳንቲም አንስቼ ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ጋደም አደርጋታለሁ። መሣሪያው ወዲያው ሾርቱን አውቆ መዝጋት አለበት። ሳይዘጋ ሳንቲሟ መሞቅ ከጀመረች ኮረንቲው እዚያ ጋ በበቂ አይደርስም ማለት ነው፤ ቶሎ ትነሳና ሌላ ሽቦ ይጨመራል። ማሞቂያው ጀርባ መሣሪያው ሦስት ጊዜ ሳይዘጋ ቀርቶ በአራተኛው ጠቅ ብሎ ዘጋ።