ከፕላምፒ ነት በኋላ ክሳቱ እንዳያገረሽ

በምግብ እጥረት ክፉኛ ከስቶ በፕላምፒ ነት፣ ማለትም ከኦቾሎኒ በሚሠራው የሕክምና ምግብ፣ የታከመ ልጅ ወዙ ተመልሶ ከጤና ኬላ ይሰናበታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ልጅ እንደገና ከስቶ ይመጣል። ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። ግን የታከመው ልጁ እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ውሃው ያው ነው፣ ጎተራውም ያው። የልጁ በሽታን የመቋቋም አቅምም ገና አልጠነከረም። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ ሕክምናውን ሳይጨርስ አታቋርጡ። ክንዱ ተለክቶ ቀጭን በመሆኑ ሕክምና የገባ ልጅ የሚሰናበተው የክንዱ ዙሪያ በተከታታይ ሁለት ቀጠሮ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ፕላምፒ ነት መድኃኒት ነው። ታላቅየው እያለቀሰ መከልከል ይከብዳል፤ ቢሆንም ለታመመው ብቻ ይሰጥ።

ቀጥሎ፣ ቤት ውስጥ ለኩት። ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቁ። ግራ ክንዱ ዘና ብሎ ይንጠልጠል፤ የትከሻው ጫፍና የክርኑ መሃል ላይ ጠምጥሙ። መለኪያው ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ቢጫ፣ ማለትም ከ12.5 በታች ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። ቀይ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ በዚያው ቀን ውሰዱት። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ፣ ከጣቶቹ በላይ ያለውን፣ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ጫን አድርጉ። ሁለቱም ጎድጉደው ከቀሩ እብጠት አለ ማለት ነው፤ መለኪያው አረንጓዴ ቢያሳይም ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ምግቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ገንፎው ወፈር ይበል፤ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይወርድ ዓይነት። ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ አስፈጩ፤ ሲበስል ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ከተገኘ እንቁላል። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

የጾም ነገርም አለ። ሕፃን ጹም ያለው የለም። ብዙ ቤት ግን የጾም ድስት እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉ ይቀራል። አንዲት ትንሽ ድስት ለልጁ ለዩለት፤ አለቀ።

ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) እና ዚንክ ስጡት። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን ባለሙያዋ እስካዘዘችው ቀን ጨርሱ። ምግብና ጡት አይቋረጥ። የኩፍኝ ክትባቱንም፣ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠውን፣ አረጋግጡ።

በብዙ ደጋማ አካባቢ ጎተራው የሚሟጠጠው ክረምት ላይ፣ መኸር ሳይደርስ ነው። ተቅማጡም ያኔ ይበረታል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ሴፍቲኔት (ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ወይም ተጨማሪ ምግብ ይኖር እንደሆነ ቀበሌና ጤና ኬላ ጠይቁ። በእነዚያ ወራት ክንዱን በየሳምንቱ ለኩ።