ከክፍልፋዩ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት

ደሴ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን እህቴን ሒሳብ አስጠናታለሁ። ሰሞኑን ያስቸገራት እኩልነት ይህ ነበር፦

(2ሸ − 1)/3 − (ሸ − 4)/2 = 3

አጀማመሯ ያማረ ነበር። የ3 እና የ2 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ስለሆነ ሁሉንም በ6 አባዛች፤ ብዙዎች የሚዘሉትን የቀኙን 3 እንኳ አልረሳችም። መልሷ ግን 32 ሆነ። 32ን በሸ ቦታ ስንተካ ግራው 21 − 14፣ ማለትም 7 ይሆናል እንጂ 3 አይሆንም።

ስህተቱ የተደበቀው ሁለተኛው ክፍልፋይ ላይ ነው። የክፍልፋይ መስመር ላዕሉን እንደ ቅንፍ አቅፎ ይይዛል። ታህቱ ሲጠፋ መስመሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቅንፍ ካልተተካ የመቀነስ ምልክቱ ሸን ብቻ ነክቶ 4ን ያልፋል። ስለዚህ ከማባዛቷ በፊት ቅንፎቹን እንድትጽፍ አደረግሁ፦

2(2ሸ − 1) − 3(ሸ − 4) = 18
4ሸ − 2 − 3ሸ + 12 = 18
ሸ + 10 = 18
ሸ = 8

−3 በ−4 ሲባዛ +12 ነው፤ እሷ −12 ጽፋ ነበር። ማረጋገጫው፦ 15/3 − 4/2 = 5 − 2 = 3።

“ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል” የሚለውን አባባል ግን አልወደውም፤ ምክንያቱን ይሸፍናል። 10 የትም አልተሻገረም። በባቲ የሰኞ ገበያ ሚዛን ላይ እንደሚደረገው ከሁለቱም ወገን እኩል ተቀነሰ፣ ያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ 5 − (ሸ + 1)/2 = ሸ/4ን ሰጠኋት። ቅንፉን አስቀድማ ጻፈች፤ 20 − 2ሸ − 2 = ሸ፣ ከዚያም ሸ = 6 አለች። ሳልጠይቃትም ተክታ አረጋገጠች።