የእድር ድንኳን፦ ከመዋጮው እስከ ግምጃ ቤቱ

ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ጥር ላይ ድንኳኑ ሁሉ ለሠርግ ወጥቶ አከራዩ «የለም» ካለ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቆማል። እድራችሁ የራሱን ለመግዛት ካሰበ አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን። ቃለ ጉባኤው ላይ የመዋጮው መጠን፣ የመጨረሻው ቀንና ያልከፈለ ሰው ቅጣት በግልጽ ይስፈር። «ወደፊት ይታሰብበታል» ተብሎ የተጻፈ ውሳኔ ከከንቱ አይሻልም።

ቀጥሎ ገንዘቡ፤ ብዙ እድር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ካዝናው ሞላ ሲል «ከዚያው እንግዛ» የሚል አይጠፋም። የድንኳን ብር ከቀብር ብር ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። ጸሐፊው የአምስት ዓመቱን መዝገብ ገልጦ በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ሞት የደረሰው መቼ እንደሆነና ስንት እንደነበር ይይ። ለምሳሌ ሦስት ከሆነና ለአንድ ሐዘን የሚከፈለው 15,000 ብር ከሆነ፣ 45,000 ብር የማይነካ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥ። ለድንኳኑ የተለየ መዋጮ፣ የተለየ ደረሰኝ፣ ከተቻለም የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ካልፈረሙ ብር አይውጣ።

ስሌቱም የዋህ አይሁን። ለምሳሌ የድንኳኑ ዋጋ 180,000 ብር ቢሆን፣ ለ120 አባል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,500 ነው፤ በወር 150 እያሉ በአሥር ወር ያልቃል። በወረቀት ላይ ማለት ነው። ከአምስት አባል አንዱ ቢዘገይ በአሥረኛው ወር እጃችሁ ላይ ያለው 144,000 ብቻ ነው። ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን ለማግኘት መሯሯጥ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ለመሰብሰቢያ አሥራ ሁለት ወር ያዙ፤ ብሩ ሳይሞላም ቀብድ አትስጡ። ከግዢው በኋላ የሚገባ አዲስ አባል የንብረቱን ድርሻ እንደሚከፍል ደንቡ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ የነባሮቹ ማጉረምረም ማቆሚያ የለውም።

ሲገዛ ስፋቱን በወንበር ለኩ። ሁለት ሜትር አግዳሚ አራት ሰው ያስቀምጣል፤ አምስት በአሥር ሜትር ድንኳን ውስጥ መተላለፊያ ትቶ ሃያ አግዳሚ፣ ማለትም ሰማንያ ሰው ይገባል። የጥጥ ሸራ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ግን ቢቀደድ ሰፊ ይጠግነዋል። ፕላስቲክ የተቀባው ይቀላል፣ ዝናብም አያስገባም፤ ቀትር ላይ ግን ውስጡ ምድጃ ነው፣ መታጠፊያው ላይም ይሰነጠቃል። ለረጅም ጊዜ የጥጡ ይሻላል። የስፌቱን መስመርና ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በእጃችሁ ሳባችሁ ሳትፈትሹ አትረከቡ።

ዕቃው ገና ግምጃ ቤት ሳይገባ ምልክት ይደረግበት። ቧንቧዎቹ መጋጠሚያቸው ላይ በዘይት ቀለም ቁጥር ይጻፍባቸው፤ 1 ከ1፣ 2 ከ2 ይጋጠማል። ይህ ካልተደረገ ሌሊት በባትሪ ብርሃን «ይሄ የየቱ ነው?» እየተባለ አንድ ሰዓት ይባክናል። ብረት ድስትና ትሪ ላይ የእድሩ ምልክት በምስማር ይፋቅ። ብርጭቆ ቂጡ ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ይበቃዋል፤ ታጥቦም ቶሎ አይለቅም።

አተካከሉን ጎረምሶቹ ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ካስማው ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይመታ፣ ጣሪያውም ውሃ እንዳያቁር ተወጥሮ ይታሰር። ያቆረ ውሃ ሸራውን ቀድዶ ለቀስተኛው ላይ ይወርዳል።

ከሰልስት በኋላ የሚሠራው ስህተት ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ሰው ደክሞታልና እርጥቡን ሸራ ጠቅልሎ ይወረውረዋል። በክረምት ጥቂት ቀን እንዲህ ከሰነበተ ይሻግታል፣ ክሩም ይበሰብሳል። እየዘነበ ከተነቀለ ለጊዜው ግምጃ ቤት ወይም በረንዳ ላይ ገመድ ተወጥሮ ይሰጣ፤ ፀሐይ ሲወጣ በሁለቱም ገጽ ይድረቅ። ሲታጠፍም ሁልጊዜ በአንድ መስመር አይታጠፍ። መሬት ሳይነካ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ የንፍሮ ፍርፋሪ ከተረፈበት አይጥ ይጠራልና በደንብ ይራገፍ።

ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰው ሲያስረክብም ሲረከብም እየቆጠረ ያስፈርም። የጎደለው ዕቃ የሐዘኑ ቤት ሰዎችና አስተናጋጆቹ ባሉበት በዚያው ዕለት ይመዝገብ፤ በሳምንቱ ሁለት ብረት ድስት ማን ወሰደ ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም።