እየሮጡ አልጠፋ ያለ ቦርጭ፦ ለጅማ ወጣት ሯጮች

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጅሬን ኮረብታ ሽቅብ የሚሮጡ ልጆችን ያየ ሰው፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ አንድ ልጅ አያጣም። ብርድ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ሹራቡን ሲገልጥ ሆዱ ላይ ፌስታል ተጠምጥሟል። «ላብ ቦርጭ ያቀልጣል» ስለተባለ ነው።

አልፈርድበትም። እኔም በ17 ዓመቴ ጠምጥሜያለሁ። ጥቁር ፌስታል፣ በላዩ የእናቴ መቀነት፣ ከዚያ ሁለት ሹራብ። ዳገቱን አጋምሼ ዓይኔ ጨለመብኝና መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንዲት እናት «ማል ታቴ?» አሉኝ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ፌስታሉን ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ። ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጋ ቆምኩ። ከትናንቱ 1 ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቤት ገብቼ ውሃዬን ጠጣሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ማታ ሄጄ ደግሜ ተመዘንኩ። ኪሎ ተኩሉ ቦታው ተመልሷል። ከሁለታችን የተጠቀመው ሁለቴ የተከፈለው ባለሚዛኑ ነው።

ከእኔ የወጣው ውሃ ነበር፣ ስብ አልነበረም። ስለዚህ ፌስታሉን አውልቁና በሚከተለው መንገድ ሞክሩት።

1. መጀመሪያ ቦርጭ መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ ወጣት ሯጭ «ቦርጭ» የሚለው ነገር ስብ አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ ሆዳችሁ ልጥፍ ብሎ፣ ማታ ግን እንደ ከበሮ የሚነፋ ከሆነ ጉዳዩ የምግብና የጋዝ ነው። ስብ በአንድ ቀን አይመጣም፣ በአንድ ሌሊትም አይሄድም። ሽሮና ባቄላ ጋዝ ያበዛሉ፤ ይህ ጤነኛ ነገር ነው። መነፋቱ ሳያቋርጥ ከሰነበተ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ግሳት ካለበት ግን ጃርዲያ፣ አሜባ ወይም ወስፋት ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ። ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን አትዋጡ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አቋቋማችሁ ነው። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ፣ ተረከዛችሁን ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ቁሙ። በወገባችሁና በግድግዳው መካከል መዳፍ ብቻ ካለፈ ጥሩ ነው። የተጨበጠ ቡጢ ከገባ ወገባችሁ ወደ ፊት ተቀልብሷል ማለት ነው። እንዲህ የሚቆም ሰው ቀጭንም ቢሆን ሆዱ ይገፋል። መድኃኒቱ ታች አራተኛው ላይ አለ።

ከዚህ በኋላ ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። የመጨረሻዋን የጎን አጥንት በጣት ፈልጉ፣ የዳሌ አጥንታችሁን ጫፍ ፈልጉ፣ ሜትሩን በሁለቱ መሃል አዙሩት። ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ስትጨርሱ አንብቡ። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ከሆነ በጤና በኩል የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ቁመቷ 164 ሴንቲ ሜትር የሆነች ልጅ ከ82 በታች ከሆነች በቃት፤ ወደ አምስተኛው ትለፍ። የምሬን ነው። ስትቀመጡ ሆዳችሁ ላይ የሚታጠፈው ነገር ደግሞ ቆዳ ነው። ቆዳ ባይታጠፍ ኖሮ መቀመጥ አትችሉም ነበር።

2. ስቡ በየት በኩል እንደሚወጣ እወቁ

«በቀን 200 ሲት አፕ ስሩ» የሚል ሰው ጂም ውስጥም ቲክቶክ ላይም ሞልቷል። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ከላዩ ያለውን ስብ ግን መርጦ አያነሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጡንቻ ነዳጁን ከጎረቤቱ ስብ ላይ ቀድቶ አይወስድም። ስብ ከመላ ሰውነት ተፈትቶ ወደ ደም ይገባል፣ የሚሠራው ጡንቻ ከደም ያነሳል። ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስኑት ዘር፣ ፆታ፣ ዕድሜና ሆርሞን ናቸው። አንዱ ፊቱ ላይ ይከሳል፣ ሌላው ጭኑ ላይ። ለብዙ ወንድ ሆድ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ፊቱ ጎድጉዶ ቦርጩ «አለሁ» ይላል።

ለሴት ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። በጉርምስና ጊዜ ዳሌ፣ ጭንና የታችኛው ሆድ አካባቢ ስብ መጨመሩ ሰውነት በሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። በ13 ዓመቷ ሁሉን የምትቀድም ልጅ በ15 ሰዓቷ ቢዘገይ ያለ ነገር ነው። ሰውነቷ አዲሱን ቅርጽ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ ግን ልጆችን በሰልፍ አቁሞ ይመዝናል፣ ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ያነባል። እንዲህ ሲደረግ ቆሜ አይቻለሁ። ስሟ ሲጠራ አንገቷን የደፋች ጎበዝ ሯጭ ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ልምምድ አልመጣችም።

3. ምግብ አትቀንሱ፣ ስኳር ቀንሱ

ሂሳቡን እንሥራ። ሩጫ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 1 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 55 ኪሎ የሆነ ልጅ 8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 440 ካሎሪ አወጣ። ከዚያ ቁርስ ዘለለ እንበል። ይህ ከተደጋገመ ሰውነቱ ባለ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ከቦርጩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ከጡንቻም ይወስዳል፣ ከአጥንትም ይቆጥባል፣ ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋንም ያቆማል። አብዛኛው የአጥንታችን ክምችት እስከ 20 ዓመት ገደማ ተሠርቶ ያልቃል። በዚያ ዕድሜ የተራበ አጥንት ኋላ መካስ ይከብደዋል። ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ አባባል በስፖርተኛ ላይ የሚደርስ የኃይል እጥረት ልንለው እንችላለን። ወንዶችንም ይነካል።

ምልክቶቹን ያዙ፦ የወር አበባ 3 ወር መቅረት፣ ቅልጥም ላይ አንድ ቦታ ሲነካ የሚያም የማይለቅ ሕመም፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ ጉንፋን መደጋገም፣ ብዙ እየሮጡ ሰዓት መዝቀጥ። አንዱን ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወገባችሁ በእርግጥ ከቁመታችሁ ግማሽ ካለፈም ቢሆን በራሳችሁ ዳይት አትጀምሩ፤ የምትቀንሱትን ጤና ባለሙያ ይንገራችሁ።

ታዲያ ምን ልብላ? ከሩጫ በፊት ባዶ ሆድ ካስቸገራችሁ አንድ ሙዝ ወይም ትንሽ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ። ስትመለሱ በሰዓት ውስጥ ደህና ቁርስ፦ ቂንጬ በወተት፣ እንቁላል በዳቦ፣ ወይም የትናንት እንጀራ ፍርፍር። ጨጨብሳም ይቻላል፣ ቅቤው ሳይዋኝ። አቮካዶ እንደሆነ ጅማ ላይ ችግር የለም። ምሳና እራት ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሲገኝ ሥጋ።

ቡና? የቡና አገር ልጅን ቡና ተው አልልም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ደም ማነስ ደግሞ የሯጭ ጠላት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አራርቁት። ሁለተኛ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር 6 ማንኪያ ነው፤ ወደ 24 ግራም። ላዩ ላይ አንድ ለስላሳና ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ ካለ፣ ቦርጩን ከእንጀራው ላይ አትፈልጉት።

በረመዳን የምትጾሙ፣ ከባዱን ልምምድ ካፈጠራችሁ በኋላ አድርጉት። ከማፍጠሪያ በፊት ከሆነ ቀላል ሶምሶማ ብቻ፤ ወዲያው ውሃ ታገኛላችሁ። የኦርቶዶክስ ጾም የምትጾሙ ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒና ሱፍ አብዙ፤ እንጀራ በቲማቲም ብቻ ሯጭ አያቆምም።

4. ሳምንታችሁን እንዲህ አድርጉት

አብዛኛው ሩጫ ወሬ እያወራችሁ የምትሮጡት ይሁን። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በሳምንት አንድ ቀን ዳገት፣ አንድ ቀን ረዘም ያለ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ጓደኛ ካላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት አታሯሩጡት።

ሁለት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ፦ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት 12 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ቁጭ ብድግ። ግድግዳው ላይ ቡጢ የገባላቸው፣ ዳሌ ማንሳቱን አትዝለሉ። የመቀመጫ ጡንቻ ሲጠነክር ወገብ ይመለሳል፣ ሆድም ይገባል፤ አንድ ግራም ስብ ሳይቀንስ።

ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስጥላል። ዝናቡ ሲብስ በአስፋልት አጠር ያለ ሩጡ ወይም ደረጃ ውጡ። ሲጨልም ብቻችሁን አትውጡ፣ ጅብና ውሻ አለ። እንቅልፍ ከ8 ሰዓት በታች አይሁን፤ ማታ ስልክ ይዞ አምሽቶ 11 ሰዓት መነሳት ጉብዝና አይደለም።

5. መስታወቱንና የሰውን አፍ

ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል። እኛ አገር «ወፈርክ» ሰላምታ ነው፣ «ከሳህ» ደግሞ የመርዶ ያህል ነው። ስልካችሁ ግን ተቃራኒውን ያወራል፤ ሲክስ ፓክ የሌለው ሰው አይታይበትም። በሁለቱ መሃል ያለ የ16 ዓመት ልጅ የትኛውን ይስማ?

ሦስት ነገር ሞክሩ። ባለሚዛኑ ልጅ ጋ በየቀኑ መቆም ተዉ። ክብደት በውሃ፣ በጨውና በምግብ ብቻ በቀን 1 እና 2 ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። ሜትሩንም በወር አንዴ። ሁለተኛ፣ ሆዳችሁን ብቻ እያጎሉ የሚያሳዩዋችሁን ገጾች አጥፉ፤ ብዙው ፎቶ በመብራትና ሆድ በመሳብ የተነሳ ነው። ሦስተኛ፣ ደብተር ያዙ። የሮጣችሁትን ደቂቃ፣ ጠዋት አልጋ ላይ ሳላችሁ የልብ ምታችሁን፣ እንዴት እንደተኛችሁ ጻፉ። የእኔ አሮጌ ደብተር ላይ «ጅሬን፣ ሳልቆም» የሚል አንድ መስመር አለ። ቀኑን ሳየው ፌስታሉን ከተውኩ አራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ወገቤ ስንት እንደነበር አልጻፍኩም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አስታውሱ። ልጅ ሳለ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ግራ እጁ እንደታጠፈ ቀርቷል ይባላል። በዚያች እጅ ነው የዓለም ሪከርድ የሰባበረው። ማንም «እጅህን አስተካክልና ና» አላለውም።

ጓደኛችሁ በልቶ ተደብቆ የሚያስመልስ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ከሰው ጋር መብላት የተወ ከሆነ ግን ይህ የምክር ጉዳይ አይደለም። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አብራችሁት ሂዱ፣ ብቻውን አትላኩት።

አክስታችሁ በር ላይ ቆመው «ውይ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ሲሉ ደግሞ ስለ ካሎሪ ለማስረዳት አትድከሙ። «ሩጫ ጀምሬ ነው እትዬ» በሉና ግቡ። ጨጨብሳ ያቀርባሉ። ብሉት።