ዳሌያቸው ተሰብሮ ቤት ሲገቡ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እናት ወይም አባት ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ሆነው ቤት ሲገቡ የዘመድ አዝማዱ ቃል አንድ ነው፦ «ይተኙ፣ አይነሱ!»

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው። በተኙ ቁጥር ጉልበት ይከዳል፣ አክታ ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፣ መቀመጫና ተረከዝ ይቆስላል። ሐኪሙ «ይርገጡ» ካለ በቀን ደጋግመው በዎከር (በእጅ ተይዞ በሚራመዱበት ባለአራት እግር መደገፊያ) ይነሱ። ከአልጋ እስከ ሳሎን መድረስም ትልቅ ነገር ነው። ሕመሙን ከፈሩ፣ የታዘዘላቸውን ማስታገሻ ከመነሳታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይስጧቸው።

ሁለተኛው በርጩማ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ እሳቸውም ረከቦቱ አጠገብ ዝቅ ብለው መቀመጥ ያምራቸዋል። መጋጠሚያው በሰው ሠራሽ ከተተካ ግን እንዲህ መታጠፍ ሊያወልቀው ይችላል። ጉልበት ከዳሌ በላይ የማይወጣበት፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሻላል። ሰውን የሚውጥ ሶፋም አይሆንም። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ መሃሉ የተበሳ ወንበር አናጺ ይሠራል። ስግደትም ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ።

«ወጌሻ ትንሽ ቢያሸው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። በጭራሽ!

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን የደም ማቅጠኛ መርፌ «ደህና ሆነዋል» ብሎ ማቋረጥም አለ። ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 35 ቀን ይታዘዛል፤ ዋጋው ከከበደ ራሳችሁ ከማቆም ሐኪሙን አማክሩ። ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ደረጃው ፈተና ነው። ሁለት ጎረምሳ ብብታቸውን ይዞ አያንጠልጥላቸው። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተጎዳው። ቤት ውስጥ ትንንሽ ምንጣፎችን አንሱ። ለበዓል ቄጠማ መጎዝጎዝም ዘንድሮ ይቅር፤ ያንሸራትታል። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ትራሳቸው ሥር ይኑር።

ጾም ላይ ክርክር ይነሳል። ቁስል እንዲድን እንቁላልና ወተት ይጠቅማል፤ እምቢ ካሉ የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ይሰማሉ። እስከዚያው ሽሮውና ምስሩ በርከት ይበል።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ይሄ ነው። ቆመው ሳለ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ለክትትል ስትሄዱ የአጥንት መሳሳት ሕክምና ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያዞራቸው ከሆነ ምክንያቱ የግፊቱ ወይም የእንቅልፉ ኪኒን ሊሆን ይችላል።